ፍተሻው ይጽና፥ ምክንያቱም ይነገር

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚያደርሰው የየብስ መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሆኑም በላይ፥ በቅርብ ዓመታት በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነትና በየመንገዱ የሚሰማው እገታ መንገደኛውን ሁሉ ስላሰጋው፥ ቀድሞ የባለጠጋና የሹም መጓጓዣ ይባል የነበረው አውሮፕላን ዛሬ ሕክምና ፍለጋ የሚሄደው በሽተኛ፥ ልጇን ለመጠየቅ የተነሣችው ባልቴት፥ ለጉባኤ የተጠራው መምህርና ሸቀጥ የሚያመላልሰው ነጋዴ በአንድነት የሚሳፈሩበት ሆኗል። ስለዚህ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም በሚጠራው በባሕር ዳሩ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ በቦሌ፥ በተሳፋሪው ጓዝና ገላ ላይ የሚደረገው ፍተሻ የጥቂቶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ጉዳይ ሆኗልና፥ ይልቁንም ስለ ላፕቶፕ፥ ስለ ታብሌት፥ ስለ ፓወር ባንክና እነዚህን ስለ መሰሉት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የወጣው ሥርዐት በአደባባይ ሊመከርበት ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ይህ ጽሑፍ ፍተሻውን ለመንቀፍ የተጻፈ አለመሆኑን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ። ፍተሻ ስለ ምን እንዳስፈለገ ለማወቅ የባዕድ አገር ምስክር መጥራት አያሻንም፤ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ሽጉጥና የእጅ ቦምብ ይዘው ከአዲስ አበባ የተሳፈሩ ወጣቶች የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን በአየር ላይ ሊጠልፉ ተነሥተው በተኩስና በፍንዳታ ደም ፈስሷል፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ 175 ሰዎች የተሳፈሩበት ቦይንግ 767 በ3 ሰዎች ተጠልፎ ወደ አውስትራልያ እንዲበር ሲታዘዝ፥ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ደጋግመው ቢያስረዱም ሰሚ አጥተው፥ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ከባሕር ወድቆ 125 ሰዎች አልቀዋል። ወደ ራሳችን ደጃፍ ስንመለስም፥ ሰኔ 2 ቀን 1994 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረውን ፎከር 50 አውሮፕላን ሊጠልፉ የተነሡ 2 ሰዎች በአውሮፕላኑ ውስጥ በነበሩት የጥበቃ ሰዎች ተተኩሶባቸው ሞተዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፥ በበሩ ላይ ቆሞ ቦርሳ የሚከፍተውን ወጣት እንደ ከንቱ አድካሚ ሊቈጥረው አይችልም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ተሳፋሪው የሚታዘዘው ምን እንደ ሆነና ስለ ምን እንደሚታዘዝ ከቤቱ ሳይወጣ፥ ቢያንስ ከበሩ ሳይገባ፥ በሚያነበው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ የተነገረውም ትእዛዝ ተሳፋሪው በሚፈተሽባቸው በሁለቱም በሮች አንድ ይሁን።

የትንንሽ ዕቃዎች ጥርጣሬ ከየት እንደ መጣ ለማስታወስ ያህል፥ 1981 ዓ.ም. ለአየር ጉዞ ክፉ ዓመት ነበር። መስከረም 5 ቀን ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው ቦይንግ 737 ገና መሬቱን እንደ ለቀቀ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት፥ ተመልሶ ለማረፍ ሲጣጣር ወድቆ ተቃጠለና ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን ደግሞ በስኮትላንድ በሎከርቢ ከተማ ሰማይ ላይ የፓን አም አውሮፕላን በፈንጂ ተበጣጥሶ፥ በአየርም በምድርም 270 ነፍስ ጠፋ። ርግብን የሚፈትሽ መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሎከርቢው ፈንጂ ግን የተሸሸገው ማንም ሰው ለልጁ ገዝቶ በሚያመጣው ዐይነት ባለ ካሴት ሬዲዮ ውስጥ ስለ ነበረ፥ ከዚያ ቀን ወዲህ ሽቦና ባትሪ ያለው ዕቃ ሁሉ በፈታሾች ዘንድ ተጠርጣሪ ሆኖ ቀርቷል።

ላፕቶፕን ከቦርሳ አውጡ የሚለው ትእዛዝም የፈታሹ ክፋት የወለደው ሳይሆን የመሣሪያው ጠባይ ያመጣው ነው። ጨረሩን ከአንድ ወይም ከሁለት ወገን ብቻ የሚሰድደው የቆየው የኤክስሬይ መሣሪያ፥ በሻንጣው ውስጥ ያለውን ሁሉ አነባብሮ እንደ ጥላ በአንድ ገጽ ያሳያል፤ ልብስ፥ ወረቀት፥ ምግብና ፈንጂም ጭምር በብርቱካን ቀለም፥ ብረት በሰማያዊ፥ የተደባለቀው በአረንጓዴ ይታያል። ላፕቶፕ ግን ባትሪው፥ ቅርፊቱና በመዳብ መስመር የተጠላለፈው ሰሌዳው ተደራርበው ጨረሩን ስለሚያግዱት፥ ከበላዩና ከበታቹ ያለውን ሁሉ ይጋርዳል፤ ብቻውን በትሪ ላይ ተዘርግቶ ሲያልፍ ግን የእርሱም ሆድ ይታያል፥ የቦርሳውም ሥዕል ይጠራል። በላዩ ጃኬት ወይም ቻርጀር ጣል አድርጎ ማሳለፍም ያው ከቦርሳ እንዳላወጡት መሆኑ ነው። በሌላ ወገን፥ በየሆስፒታሉ ሲቲ ስካን እየተባለ የሚታወቀው ዐይነት፥ ጨረሩን በዕቃው ዙሪያ እያሽከረከረ ቁራጭ በቁራጭ የሚያሳይ አዲስ መሣሪያ በተተከለባቸው አውሮፕላን ማረፊያዎች ላፕቶፑ ከቦርሳው ሳይወጣ ያልፋል። ስለዚህም ነው በአገር ቤት «አውጣ» የተባለ መንገደኛ ባሕር ማዶ ሲደርስ «አታውጣ» ተብሎ የሚገሠጸው፤ ሁለቱም ፈታሾች ግን እውነት አላቸው። እንዲሁም ፈታሹ በትንሽ ጨርቅ የላፕቶፑን ቁልፎች ጠረግ አድርጎ ጨርቁን ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያስገባው የፈንጂ ብናኝ ለመፈለግ ነው እንጂ ንጽሕናህን ለመመርመር አይደለም። በሰኔ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አሜሪካ፥ ወደ እርስዋ በቀጥታ በሚበርባቸው አንዳንድ የውጭ አውሮፕላን ማረፊያዎች አልበራ ያለ ስልክና ላፕቶፕ እንዳይሳፈር ያዘዘችውም፥ ባትሪው የነበረበት ስፍራ በሌላ ነገር እንዳይሞላ ሠግታ ነው፤ መብራት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ለሚኖር መንገደኛ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚያስተውል ግን ብዙ አይመስለኝም።

ምክንያቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፥ ችግሩ ምን ላይ ነው? በአንድ የክፍለ ሀገር አውሮፕላን ማረፊያ፥ ስሙን መጥራት ለነገሩ አይረባም፥ በተራ ቆሜ ያየሁትን ላውሳ። ከፊቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ በሶና ድርቆሽ የያዘ ዘንቢል አንጠልጥለው የቆሙ አንዲት እናት ነበሩ። ፈታሽዋ ወጣት «እማማ፥ ጫማዎንም ያውልቁ» ስትላቸው አንዳች ሳያጉረመርሙ ዝቅ ብለው አወለቁና «ደግ፥ ልጄ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» ብለው የቆመውን ሁሉ አሳቁት። ቀጥሎ የመጣው፥ በሁኔታው የዩኒቨርሲቲ መምህር የሚመስለው ጎልማሳ፥ በመጀመሪያው በር ላፕቶፑን አውጥቶ ያለፈ ነበርና በሁለተኛውም ሊያወጣ ቦርሳውን ሲከፍት «ዝም ብለህ አስገባው፥ ሰልፉን አታስቁም» ተባለ፤ ቦርሳው ከመሣሪያው ማዶ ሲወጣ ደግሞ ሌላው ፈታሽ «ለምን አላወጣኸውም?» ብሎ ተቈጣው።

«አሁን አታውጣ ተብዬ እኮ ነው፥ ወንድሜ።»

«ሕጉ ማውጣት ነው።»

«የቱ ሕግ? የት ተጽፏል?»

ለዚህ መልስ አልተገኘም። ፈታሹ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ፤ መምህሩም በካልሲ ቆሞ፥ ቀበቶው ገና ከትሪው ስላልወጣ ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ፥ በአንገቱ ሰገግ እያለ ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ይጠባበቅ ጀመር። የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ዘመን ጥናቱን ሌላ ስፍራ ማስቀመጥ ያልቻለ ምሁር፥ የብዙ ዓመት ድካሙ ሁሉ በዚያች በአንዲት ዕቃ ውስጥ እንደሚገኝ ለሚያውቅ ሰው፥ የመምህሩ ጭንቀት የትዕቢተኛ ጭንቀት አይደለም።

እኒያ እናት ያለ ቅሬታ የታዘዙት፥ ጫማ ማውለቅ በልባቸው የታወቀ ምክንያትና ሥርዐት ስላለው ነው፤ መምህሩ የተከፋው ደግሞ ላፕቶፕ ማውጣት ስለ ከበደው ሳይሆን በሁለት በሮች ሁለት ሕግ ስላገኘው ነው። ከባሕር ዳር ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ጣና ገዳማት የሚሻገር እንግዳ፥ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑ የሚነገረው ጀልባው ከዳር ሳይነሣ ነው፤ ሥርዐቱን የሚወድም ቢሆን የማይወድ፥ ሐይቁን አቋርጦ ደጀ ሰላሙ ላይ ከደረሰ በኋላ «አይቻልም» ተብሎ የሚመለስ የለም። የዘመኑ የአየር ጣቢያ ከገዳም የተማረው ጫማ ማስወለቅን ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

በጠረጴዛና በትሪ ብዛት ደኅንነት እንደማይገኝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጥር 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ከሞቃዲሾ ወደ ጅቡቲ የተነሣው የዳሎ አየር መንገድ ኤርባስ አውሮፕላን ከምድር በራቀ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በላፕቶፕ የተሸሸገ ፈንጂ ፈንድቶበት ጎኑ ተነደለ፤ አውሮፕላኑ እጅግ ከፍ ሳይል በመፈንዳቱ ፈንጂውን ይዞ ከተሳፈረው አጥፊ በቀር የሞተ ሳይኖር ተመልሶ ዐረፈ። ነገሩ ሲጣራ ግን የደኅንነት ካሜራው ያሳየው፥ ላፕቶፑን ከፍተሻው ወዲያ ለአጥፊው ያቀበሉት የዚያው የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች መሆናቸውን ነው። የመንገደኛው ላፕቶፕ ሺህ ጊዜ ከቦርሳ ቢወጣ፥ በውስጠኛው በር ያለ ፍተሻ የሚወጣና የሚገባ ሰው ካለ፥ ሁሉም ድካም ከንቱ ነው። ስለዚህ የፍተሻ ጥራት የሚለካው ባልቴቷን ጫማ በማስወለቅ ሳይሆን ሠራተኛውን፥ ሹሙንና የሹሙን አጃቢ ሁሉ በዚያው መሣሪያ በማሳለፍ ነው፤ «እኔን ታውቀኛለህ» የሚል ቃል በዚያ በር ሊሰማ አይገባውም።

ከሞቃዲሾው ፍንዳታ በኋላ ኀያላኑ መንግሥታት ራሳቸው ምን ያህል እንደ ተደናገሩ ማየትም ያስተምራል። መጋቢት 12 ቀን 2009 ዓ.ም. አሜሪካ ከ8 አገሮች 10 አውሮፕላን ማረፊያዎች ወደ እርስዋ የሚበር ተሳፋሪ ከስልክ የሚበልጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በእጁ እንዳይዝ ከለከለች፤ ብሪታንያም በዚያው ቀን ከ6 አገሮች በሚነሡት ላይ ተመሳሳይ ትእዛዝ አወጣች። በክልከላው ዝርዝር አዲስ አበባ ባትገኝም፥ በዱባይ፥ በዶሃና በኢስታንቡል በኩል ወደ አሜሪካ የሚያልፈው የእኛው ሰው ሁሉ ላፕቶፑን ወደ ታችኛው የጭነት ክፍል ለመጣል ተገደደ። ያን ጊዜ የእሳት አደጋ ዐዋቂዎች «ፈንጂውን ፈርታችሁ እሳቱን አስገባችሁት» ለማለት በቁ፤ ምክንያቱም የላፕቶፕ ባትሪ በሰው ፊት ቢግል አስተናጋጇ ውሃ አፍስሳ ልታቀዘቅዘው ትችላለች፥ በጭነት ክፍል ውስጥ ግን የሚለቀቀው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ቢያፍንም ከባትሪው ውስጥ እየተቀጣጠለ የሚሄደውን ግለት አያቆመውም። የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር በዚያው በአውሮጳውያን 2017 ባደረገው ሙከራ፥ ላፕቶፕ ከፀጉር ማጽጃ ስፕሬይ ጋር በሻንጣ ተዘግቶበት ባትሪው እንዲግል ሲደረግ፥ ስፕሬዩ በ40 ሴኮንድ ውስጥ ፈንድቷል። ክልከላው በአሜሪካ በኩል በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ተነሣ፤ በምትኩ ፍተሻው እንዲጠነክር ተደረገ። ይህን የማነሣው ለፌዝ አይደለም፤ ሕግ አውጪው ራሱ ከሁለት ፍርሃቶች መካከል የቱን እንደሚያስቀድም ባልወሰነበት ነገር ተሳፋሪውን «አለማወቅህ ጥፋትህ ነው» ማለት ፍትሕ አይሆንም ለማለት ነው እንጂ።

እሳቱንስ ከሌላ አገር ታሪክ መዋስ አያስፈልገንም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የሚል ስም የተሰጠው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በለንደን ሂትሮ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ በጅራቱ በኩል ከጣሪያው ውስጥ እሳት ተነሣበት፤ መርማሪዎች ሲመረምሩም መነሻው፥ አውሮፕላን አደጋ ሲደርስበት ያለበትን ስፍራ የምታመለክት የአንዲት ትንሽ መሣሪያ ሊትየም ባትሪ ሆኖ ተገኘ፤ የባትሪዋ ሽቦዎች በመክደኛው ሥር ተጨፍልቀው ኖረዋል። ይህን ያህል ግዙፍ አውሮፕላን በመዳፍ በምትያዝ ባትሪ ከተጎዳ፥ በየኪሳችን የምንይዘው ፓወር ባንክ ቸል የሚባል አይደለም። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኮርያ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ሊነሣ ሲል ከራስጌው የዕቃ መደርደሪያ በተነሣ እሳት ጣሪያው ሲቃጠል፥ የተሳፈሩት 176 ሰዎች በሙሉ ወርደው መትረፋቸው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው ያሰኛል፤ መርማሪዎቹም የጠረጠሩት ፓወር ባንክን ነው።

ስለዚህ ዓለም አቀፉ ደንብ፥ ፓወር ባንክና ማንኛውም ትርፍ ሊትየም ባትሪ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባና በእጅ እንዲያዝ ያዝዛል፤ ጉልበቱ እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነውን ያለ ልዩ ፈቃድ፥ ከ100 እስከ 160 የሆነውን በአየር መንገዱ ፈቃድ ከ2 ሳይበልጥ፥ ከዚያ በላይ የሆነውን ግን ጭራሽ አይፈቅድም። በገበያ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ የሚሸጠው ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ይሆናልና ያልፋል። ሆኖም ጽሑፉ የተፋቀበትን ወይም ከመጀመሪያውም ምንም ያልተጻፈበትን ርካሽ ፓወር ባንክ ፈታሹ በምን ይመዝነዋል? መብራት በጠፋ ቁጥር እርሱን ተስፋ አድርጎ የሚያመሽ ሕዝብ ፓወር ባንኩን በየሻንጣው መክተቱ የማይቀር ሲሆን፥ ሻንጣ በሚመዘንበት ጠረጴዛ ላይ ግን «ባትሪ አለበት?» ተብሎ በጠራ አማርኛ ሁልጊዜ ሲጠየቅ አይሰማም። ከባሕር ዳር ለሚነሣ ተሳፋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ፤ በአገር ውስጥ መስመር በሚበሩት ባለ ፕሮፔለር ዳሽ 8 አውሮፕላኖች የራስጌው መደርደሪያ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ባለ ጎማው የእጅ ሻንጣ ከደረጃው ሥር ይወሰድና ወደ ጭነት ክፍል ይገባል። ከቤቱ ሲነሣ ፓወር ባንኩን በደንቡ መሠረት በእጅ ሻንጣው የከተተው ሰው፥ በዚያች ቅጽበት ሳያውቀው ደንብ አፍራሽ ይሆናል። በፍተሻው ጊዜ ላፕቶፕ ከቦርሳ መውጣቱ ለመታየት ነው፤ ፓወር ባንክ በደረጃው ሥር ከሻንጣ መውጣቱ ግን እሳት ቢነሣ ሰው እንዲደርስበት ነው፤ ሁለቱ ምክንያቶች ተለይተው ካልተነገሩ መንገደኛው ሁለቱንም እንደ አንድ ጭቅጭቅ ይቈጥራቸዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ መነገር ያለበት፥ ለነፍስ ደኅንነት የሚደረገው ፍተሻ ቀረጥ ለማስከፈል ወይም የሰው ምሥጢር ለማየት ከሚደረገው ጋር ሊደባለቅ አይገባም። ለወንድሙ ላፕቶፕ ይዞ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሰው የጉምሩክ ሠራተኛ ቢጠይቀው በሥራው ነው፤ ፈንጂ የሚፈልግ ፈታሽ ግን ላፕቶፑ እንደሚበራ ካየ በኋላ በውስጡ ያለውን ፎቶግራፍና ደብዳቤ የሚገልጥበት ምክንያት የለውም።

እንግዲህ ኀላፊነቱ ያለባቸውን መሥሪያ ቤቶች የምለምነው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሲቲ የሚባለው ውድ መሣሪያ ለባሕር ዳር ነገ ይምጣ አልልም፤ ሲመጣ ይመጣል። አንድ ሰሌዳ ግን በአማርኛ ተጽፎ በሁለቱም በሮች ይሰቀል፤ ላፕቶፕና ታብሌት ብቻቸውን በትሪ እንዲያልፉ፥ ይህም በመሣሪያው ሥዕል ዕቃ በዕቃ እንዳይጋረድ እንደ ሆነ ይጻፍበት፤ ፓወር ባንክ ወደ ጭነት እንዳይገባ፥ ይህም ስለ እሳት እንደ ሆነ ይጨመርበት፤ ማንበብ ለማይችለውም ሰልፉን የሚያስተናብረው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይንገረው። ለተጨማሪ ምርመራ የሚወሰድ ዕቃ ከባለቤቱ ዐይን አይሰወር፤ ፈታሹም «ሕጉ ነው» ከማለት ይልቅ ሕጉ ወደ ተጻፈበት ሰሌዳ በጣቱ ማመልከት ይልመድ።

ሰሌዳው እስኪሰቀል ድረስ፥ ከባሕር ዳር የምትነሡ መንገደኞች ሆይ፥ ላፕቶፓችሁን ከቦርሳው አፍ አጠገብ፥ በቀላሉ በምታወጡበት ስፍራ አድርጉ፤ ባትሪውን ሞልታችሁ ተነሡ፤ ሻንጣችሁን በጠረጴዛው ላይ ወይም በደረጃው ሥር ከማስረከባችሁም በፊት፥ ማንም ባይጠይቃችሁ እንኳ፥ ፓወር ባንካችሁን አውጥታችሁ በእጃችሁ ያዙ።